ኮታ ያለው መርከብ ለምን ቅርቡን ትቶ ሩቁን ይመርጣል?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ እዚህ ጎንደር በሒሳብ ትምህርት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በኮታ የሚሠሩ የንግድ ዓሣ አስጋሪ መርከቦች የትና መቼ ማስገር እንዳለባቸው በሚያቅድ ሞዴል ላይ ልሠራ አስቤአለሁ። አማካሪዬ ግን ‹ኮታው ከታወቀ ምን የሚታቀድ ነገር አለ? ዓሣ በብዛት ወዳለበት ቅርብ ቦታ ሄዶ ቶሎ ሞልቶ መመለስ ነው› አሉኝ። መልስ አጣሁ። ደግሞስ ይህ ዓይነት ሞዴል ጣና ዳር ላሉት ለጎርጎራ አስጋሪዎች ይበጃል?»

ወንድሜ፣ አማካሪህ የተናገሩት ኮታ በሌለበት ውኃ ላይ ፍጹም ትክክል ነው። ማንም እንደ ልቡ በሚያሰግርበት ባሕር የሚያጥረው ጊዜ ነው። ዛሬ ያልያዝኸውን ዓሣ ነገ ሌላው ይይዘዋል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ብዙ የሚያስገኝ ቦታ ምንጊዜም ጥሩ ቦታ ነው። የራስህ የሆነ ኮታ፣ ማለትም እንድትይዝ የተፈቀደልህ የዓሣ ክብደት፣ በእጅህ ሲገባ ግን የሚያጥርህ ኪሎው ይሆናል። በጎተራው የተሰፈረ እህል ያለው ገበሬ በቀን ስንት ቁና መዝገን እንደሚችል አያስጨንቀውም፤ የሚያስጨንቀው እያንዳንዱን ቁና መቼና በስንት ብር እንደሚሸጠው ነው። የአንተም ሞዴል የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል እኔ ነኝ የፈጠርኋቸው። አንዲት መርከብ የ300 ቶን ኮታ አላት እንበል። ቅርቡ ቦታ በቀን 20 ቶን ይሰጣታል፤ ዓሣው ደቃቅ ስለሆነ ኪሎው 60 ብር ያወጣል፤ የቀን ወጪዋ 300,000 ብር ነው። ሩቁ ቦታ በቀን የሚሰጣት 12 ቶን ብቻ ነው፤ ዓሣው ግን ትልልቅ ስለሆነ ኪሎው 85 ብር ይሸጣል፤ ነዳጁ ስለሚበዛ የቀን ወጪዋ 400,000 ብር ይደርሳል። በቀን ካሰላኸው ቅርቡ 900,000 ብር፣ ሩቁ 620,000 ብር ያተርፋል። እስከዚህ ድረስ አማካሪህ አሸንፈዋል። በኪሎ ስታሰላው ግን ቅርቡ 45 ብር፣ ሩቁ 51 ብር ከ67 ሳንቲም ያተርፋል። ሦስት መቶውን ቶን በሙሉ ከቅርቡ ብታወጣ በ15 ቀን ጨርሰህ 13.5 ሚሊዮን ብር ትይዛለህ። ከሩቁ ብታወጣ 25 ቀን ይፈጅብህና 15.5 ሚሊዮን ታገኛለህ። የሁለት ሚሊዮን ብር ልዩነት የመጣው አንድም ተጨማሪ ዓሣ ሳይያዝ ነው።

አሁን ወቅቱ 20 ቀን ብቻ ነው በል። ሩቁ ብቻውን አይበቃም፣ ቅርቡ ብቻውን ትርፉን ያሳንሳል፤ መልሱ ድብልቅ ይሆናል፦ 7 ቀን ተኩል ቅርብ፣ 12 ቀን ተኩል ሩቅ፣ ትርፉም 14.5 ሚሊዮን ብር። የሒሳብ ተማሪ ስለሆንህ ይህ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ፣ በተሰጡ ገደቦች ውስጥ ትልቁን ትርፍ የሚፈልገው ሒሳብ፣ መሆኑ ገና ድሮ ገብቶሃል። ቀኑም ገደብ ነው፣ ኪሎውም ገደብ ነው፤ የትኛው ይበልጥ እንደሚጨንቅ የሚወስነው የወቅቱ ርዝመት ነው።

ነገሩ በእውነት የሚወሳሰበው፣ እኔም ብዙ ዓመት ያስተማርሁበትና እስካሁን ያልሰለቸኝ ክፍል፣ መረብ ዓሣ አለመምረጡ ነው። አንዱን ዓሣ ፈልገህ የጣልኸው መረብ ሌላውንም ይዞ ይወጣል፤ ለዚያ ለሌላው ደግሞ ትንሽ ኮታ ብቻ ነው ያለህ። በምሳሌያችን መርከቢቱ አብሮ ለሚያዘው ዓሣ 5 ቶን ብቻ ተፈቅዶላታል እንበል። ቅርቡ ቦታ ላይ አብሮ የሚያዘው መጠን ከመቶ 4 ነው፤ ሩቁ ላይ ከመቶ 1። ቅርቡን ብቻ የያዘ መርከብ 125 ቶን ላይ ሲደርስ አምስቱ ቶን ያልቅበታል፤ 175 ቶን ኮታ በወረቀት ላይ ይዞ ወደብ ላይ ይታሰራል። ቅድም ያገኘነው ድብልቅ ዕቅድም አይተርፍም፤ 7.5 ቶን አብሮ የሚያዝ ዓሣ ስለሚያመጣ ፈረሰ። ሁለቱን ገደቦች፣ ማለትም 20 ቀኑንና 5 ቶኑን፣ አንድ ላይ ብትፈታቸው ከቅርቡ 76 ቶን ተኩል ገደማ፣ ከሩቁ 194 ቶን ገደማ እንድትይዝ ይነግርሃል። ሲደመር ወደ 271 ቶን ነው። ሃያ ዘጠኝ ቶን ያህል ዋና ኮታ ሳይነካ ይቀራል፤ ትርፉም ወደ 13.47 ሚሊዮን ብር ይወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አድርግ፦ አምስቱን ቶን ስድስት አድርገህ እንደገና ፍታው። ትርፉ ወደ 13.88 ሚሊዮን ይወጣል። አንድ ቶን የማትፈልገው ዓሣ ኮታ 412,000 ብር ገደማ፣ በኪሎ 412 ብር ያወጣል ማለት ነው፤ የምትፈልገው ዓሣ ግን ኪሎው የሚያተርፍህ ከ52 ብር አይበልጥም። ይህን ቁጥር አማካሪህ ፊት ብታስቀምጠው ክርክሩ ያበቃ ይመስለኛል። ኮታ መግዛትና መከራየት በሚፈቀድባቸው አገሮች ለማንም የማይጣፍጥ ዓሣ ኮታ ለምን እንደሚወደድ የሚያስረዳውም ይኸው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ኮታ የተጣለበትን ዓሣ ወደ ባሕር መልሶ መጣልን በደረጃ ከልክሎ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ ሲያደርግ የአስጋሪዎቹ ዋና ጩኸት ይህ ነበር፤ ትንሹ ኮታ ለትልቁ ኮታ ማነቆ ሆነ።

የአላስካ የፖሎክ ዓሣ ማስገር ይህን በግልጽ ያሳያል። በቤሪንግ ባሕር የፖሎክ ወቅት በሁለት ተከፍሏል። የመጀመሪያው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ይጀምራል፤ ዓሣው በዚያ ጊዜ እንቁላል የተሸከመ ስለሆነ እንቁላሉ ብቻውን በእስያ ገበያ ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ሁለተኛው ከጁን 10 እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ነው። ማነቆው ቺኑክ የተባለው ሳልሞን ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚቆጠረው በቶን ሳይሆን በራስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለመላው የመርከብ ቡድን የ60,000 ሳልሞን ጣሪያ ተቀመጠ፤ የተያዘው ሳልሞንም በቁጥጥር ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ካፒቴን መረቡን አውጥቶ ሳልሞን የበዛበት ከሆነ ቦታውን ለሌሎቹ ያስታውቃል፤ ሳልሞን የበዛበት አካባቢ ለጊዜው ይዘጋል፤ የሚዘጋው ቦታም እንደ ሁኔታው ይቀያየራል። ዓሣ የሞላበትን ቦታ ትቶ መሄድ ከውጭ ለሚያይ እብደት ይመስላል። ከላይ ያለውን ሒሳብ ለሠራ ግን ግልጽ ነው።

የአማካሪህ ሐሳብ በኮታም ሥር ቢሆን የሚያሸንፍበት ሁኔታ አለና እሱን አትርሳ። ኮታው የጋራ ሲሆን ነው። አጠቃላይ መጠኑ ተወስኖ ለማንም ካልተከፋፈለ ሁሉም ይሮጣል፤ ቀድሞ የያዘ ይጠቀማል። አላስካ ውስጥ ሃሊበት የተባለው ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ እንዲህ ነበር የሚሰገረው። አስጋሪው በበዛ ቁጥር ወቅቱ እያጠረ ሄዶ በአንዳንድ አካባቢዎች ለ24 ሰዓት ብቻ የሚከፈት ሆነ። ማዕበል ቢኖርም ባይኖርም በዚያች ቀን መውጣት ግድ ነበር፤ ሰው ሞቷል፣ መርከብ ሰጥሟል። ዓሣው በአንድ ቀን ወደብ ላይ ስለሚራገፍ አብዛኛው በረዶ ቤት ይገባና በርካሽ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1995 ኮታው ለየአስጋሪው ሲከፋፈል ወቅቱ ወደ ስምንት ወር ገደማ ተዘረጋ፤ ትኩስ ዓሣ ለገበያ መቅረብ ጀመረ። የዓሣው ዝርያም ባሕሩም አልተለወጠም። ሞዴልህ ኮታው የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ከተጻፈ ሁለቱን ዓለም ያምታታል።

ከዚህ የሚለይ ሦስተኛ ዓይነትም አለ። በምዕራብና መካከለኛው ፓስፊክ የሚገኙ ስምንት ደሴታማ አገሮች፣ ኪሪባቲ፣ ናውሩና ፓፑዋ ኒው ጊኒ ከነሱ መካከል ናቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለቱና መርከቦች የሚሸጡት ቀን ነው። ቶን አይሰፍሩም። ከ2015 ወዲህ የአንድ ቀን ዝቅተኛ ዋጋ 8,000 ዶላር ተደረገ። ርዝመቷ ከ80 ሜትር በላይ የሆነች መርከብ አንድ ቀን ስትውል አንድ ተኩል ቀን ይቆጠርባታል፤ ከ50 ሜትር በታች የሆነች ግማሽ ቀን። እንግዲህ የሚያጥረው እንደገና ቀን ሆነ፤ በምሳሌያችን ውስጥ ተሸንፎ የነበረው «በቀን ብዙ የሚሰጥ ቦታ» ወደ ዙፋኑ ተመለሰ። ካፒቴኑ በዚያ ሥርዓት ቀኑን በጉዞና በፍለጋ ማባከን አይፈልግም። ተንሳፋፊ መሣሪያዎችን ባሕር ላይ ጥሎ፣ ቱናው ከሥራቸው ሲሰበሰብ በሳተላይት እየተከታተለ በቀጥታ ይሄዳል። ችግሩ በተንሳፋፊ ሥር ቁመቱ ያላደገ ቱናም አብሮ መሰብሰቡ ነው፤ አገሮቹም ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ በተንሳፋፊ ማስገርን ይዘጋሉ። ደንቡ የሚለካው ነገር ሲቀየር መርከቡ የሚሄድበት ቦታ ይቀየራል።

ስለ «መቼ» ጥቂት ልጨምር። ኮታ የሚሰፈረው በክብደት ስለሆነ ያው አንድ ኪሎ በተለያየ ወር የተለያየ ነገር ነው። ኖርዌዮች ማኬሬል የተባለውን ዓሣ በብዛት የሚያሰግሩት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ነው፤ ዓሣው በጋውን ሲበላ ከርሞ ስቡ የሚሞላው ያን ጊዜ ሲሆን የጃፓን ገዢም የሚፈልገው ስቡን ነው። በፔሩ ደግሞ የጊዜው ገዢ ጫጩቱ ነው። የፔሩ አንቾቬታ ከአንድ ዝርያ ብቻ በሚገኝ ምርት የዓለም ትልቁ ማስገር ነው። የአገሪቱ የባሕር ምርምር ተቋም በመርከብና በድምፅ መለኪያ ባሕሩን ካሰሰ በኋላ ለየወቅቱ ኮታ ይወሰናል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ሕግ መሠረትም ከ2009 ጀምሮ ለየመርከቡ ይከፋፈላል። ከ12 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነው ዓሣ ከተያዘው 10 ከመቶ በላይ ሲሆን ያ አካባቢ ለቀናት ይዘጋል። በ2023 የባሕሩ ውኃ በኤልኒኖ ምክንያት ሞቆ ጫጩቱ ከመጠን በላይ ስለበዛ የዓመቱ የመጀመሪያ ወቅት ጭራሽ ሳይከፈት ቀረ። የትኛውም ዕቅድ ይህን አስቀድሞ አያውቅም፤ ጥሩ ዕቅድ የሚለየው ሲሆን እንዴት እንደሚታጠፍ አስቀድሞ በማሰቡ ነው።

በተግባር ማንም ኩባንያ የሙሉ ወቅቱን ዕቅድ አንድ ጊዜ አውጥቶ አይተኛም። ሳምንቱን ያቅዳል፣ የሰኞው ምርት ሲመጣ ግምቱን ያርማል፣ እንደገና ይፈታዋል። ከአብሮ የሚያዘው ኮታ ላይ መጠባበቂያ ያስቀምጣል፤ መጨረሻው ሳምንት ላይ ማነቆው ድንገት ከተዘጋ የሚጠፋው ብር ትልቅ ነውና። አንዷን መርከብ አውቆ ወደማይታወቅ ቦታ ይልካል፤ የምታመጣው ዓሣ ባያዋጣም ወሬዋ ያዋጣል። በረዶ ቤቱና ፋብሪካው በቀን የሚቀበሉት መጠንም ገደብ ነው፤ ሦስት መርከብ በአንድ ቀን ሞልቶ ቢመጣ ሦስተኛዋ ተራ ስትጠብቅ ዓሣዋ ይበላሻል። ይህን የመጨረሻውን ተማሪዎች ሁልጊዜ ይረሱታል።

ወደ ጎርጎራ እንምጣ። እዚህ ላይ ከአንተ ጉጉት ትንሽ ልቀንስ ነው።

ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደህ ጣና ዳር ብትቆም የምታየው ይህ ነው፦ አንዱ በደንገል ታንኳ ይመጣል፣ ሌላው በሞተር ጀልባ። ዓሣው ገና ዳር ላይ ይቀደዳል፣ ቆዳው ይገፈፋል፣ ፊሌቶው በላስቲክ ተቋጥሮ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ራሱና አጥንቱ ለአሞራ ይቀራል። ቆሮሶ ከተባለው ዓሣ የሚወጣው ፊሌቶ ከሙሉ ክብደቱ ሲሶ ገደማ ነው። እንግዲህ አንተ ከተማ ውስጥ ሚዛን ይዘህ ብትጠብቅ የምትመዝነው ሲሶውን ነው፤ የዓሣውን ርዝመት አታውቅም፣ ዝርያውንም ከሥጋው ላይ መለየት ያስቸግርሃል። በኪሎ የሚሰፈር ኮታ እንዲሠራ ዓሣው ሳይቀደድ፣ በየወደቡ፣ በየዕለቱ መመዘን አለበት። አላስካ ተቆጣጣሪ የምታሰማራው፣ ፔሩ በየማራገፊያው ሚዛን የምታቆመው ለዚህ ነው። የኛ የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315/1995 ስለ ፈቃድና ስለ ዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪ ይናገራል፤ ለእያንዳንዱ ታንኳ ግን ኪሎ እየሰፈሩ መስጠት በዛሬው አያያዝ ወረቀት ከማባከን አያልፍም ባይ ነኝ።

ይህ ማለት የትና መቼ የሚለው ጥያቄህ ለጣና አይጠቅምም ማለት አይደለም። እንዲያውም ሚዛን በሌለበት የሚያዋጣው እሱ ብቻ ነው። መገጭና ድርማ፣ ከዚያም ወዲያ ርብና ጉማራ ወደ ጣና በሚገቡበት አፍ ላይ ነጭ ዓሣ የምንለው፣ በሳይንሱ ላቤዮባርበስ የሚባለው ወገን፣ በክረምት ይሰበሰባል። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ ጠጠር ባለበት፣ በሚፈስ ውኃ ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ድረስ ዋናው ጊዜው ነው። ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ ዝርያዎች አሉበት። በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ይይዛል፤ የሚይዘው ግን ሊወልድ የመጣውን ነው። ሞተር ጀልባና ናይለን መረብ በ1986 እ.ኤ.አ. በጣና ከገቡ በኋላ፣ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የዚህ ወገን ዝርያዎች መጠን በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል በሦስት አራተኛ ያህል እንደቀነሰ ተመራማሪዎች በደቡቡ የባሕር ዳር ክፍል ለክተዋል።

የኛ ነገር ከፖሎክ የሚከፋበት አንድ ምክንያት ደግሞ አለ፦ ገበያው። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ በጾም ወራት በጎንደር ምግብ ቤቶች የዓሣ ገበያ እንደሚደራ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ዋጋው በሚወጣበት ሳምንትና ነጭ ዓሣው በመገጭ አፍ በሚታጎርበት ሳምንት መካከል ልዩነት የለም። አስጋሪውን «በዚያ ሳምንት አትግባ» ስትለው በዓመቱ ውስጥ ካሉት ምርጥ ቀኖቹ መካከል ጥቂቶቹን ተው እያልኸው ነው። ዐቢይ ጾም ግን በበጋ ይውላል፤ ገበያው ደራ፣ ነጭ ዓሣውም በወንዝ አፍ አልተሰበሰበም። ለሞዴልህ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም፦ የትኞቹ የወንዝ አፎች፣ በየትኞቹ ሳምንታት ቢዘጉ የሚድነው ተራቢ ዓሣ በዝቶ የአስጋሪው የገቢ ጉዳት ያንሳል? ሒሳቡ ቅድም ከሠራነው ጋር አንድ ነው፤ ዓላማውና ገደቡ ብቻ ቦታ ተለዋውጠዋል። መዝጊያው ደግሞ ከኪሎ ይልቅ ለቁጥጥር ይቀላል። መረብ በወንዝ አፍ ላይ መዘርጋቱን ከዳር ሆኖ ማየት ይቻላል፤ አንድ ሰው ስንት ኪሎ እንደያዘ ግን አይታይም።

ሁለት ነገር ግን ከአሁኑ አስገባበት። ከወንዝ አፍ የተባረረ መረብ አይጠፋም፤ ወደ ቆሮሶና ወደ አምባዛ ይዞራል። ቆሮሶ ደግሞ ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ስለሚራባ አንዱን አድነህ ሌላውን እንዳታስጨርስ። ሁለተኛው እምቦጭ ነው። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነፋስ እየገፋ ያመጣዋል፣ ያነሣዋል፤ ትናንት ታንኳ የወጣበት ቦታ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። በሞዴልህ ውስጥ ማራገፊያ ቦታዎችን ሁልጊዜ ክፍት አድርገህ ከወሰድህ ውጤቱ ለጣና አይሆንም።

ለጽሑፉ የምመክርህ ትንሽ ሆነህ እንድትጀምር ነው። ሁለት ቦታ፣ ሁለት ዝርያ፣ አሥራ ሁለት ሳምንት። መጀመሪያ ሁሉም ቁጥር እንደሚታወቅ አድርገህ ፍታውና ቅድም አምስቱን ቶን ስድስት አድርገን እንዳየነው የየገደቡን ዋጋ አንብብ፤ የትኛው ገደብ ላይ ምርምርህን ማተኮር እንዳለብህ ይነግርሃል። ከዚያ በኋላ የቀኑን ምርት ተለዋዋጭ አድርገው። አማካሪህ የተናገሩትንም ደንብ አትጣለው፤ «በየቀኑ ብዙ ዓሣ ወዳለበት ቅርብ ቦታ ሂድ» የሚለውን እንደ መነሻ መለኪያ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈውና ከአንተ ዕቅድ ጎን ለጎን አስሮጠው። አንድ ጊዜ በግል ኮታ፣ አንድ ጊዜ በጋራ ኮታ፣ አንድ ጊዜ በተሸጠ ቀን። በሁለተኛውና በሦስተኛው የእሳቸው ደንብ የአንተን ሊቀድመው ይችላል፤ ያንንም ሳትደብቅ በሠንጠረዡ ውስጥ አስገባው።